ለባለካባው የተቀመጥነው ለቅሶ

ዲላ፣ የካቲት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ውድ ግዛቸው፣

ትናንት ሸምሰዲን ከሞያሌ መጣ። የመኪናውን ጡሩንባ ስሰማ እንደ ድሮው ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ በሩ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ማንን ልቀበል እንደ ተነሣሁ ጠፋኝ። እሱም የገባው ይመስለኛል፤ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ቶሎ አልወረደም። ጓደኛህ ሸብቷል። አንድ ነገር ይዞልኝ መጣ። ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት መነገር የነበረበት ሌላ ነገር አለ። ያንን ሳልነግርህ ነው የሄድከው።

ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ ማንበብ አትችልም ነበርና ምን ብዬ እጽፍልህ ነበር? አሁን ባለህበት ግን ማንበብ የማይችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳችን ላይ ነው። ትዝ ይልሃል? በተጋባን ዓመት ጭቃው እንዳይራገፍ ብለህ ከአዲስ አበባ አሮጌ ጋዜጣ በጆንያ አምጥተህ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ለጠፍከው። ግማሹን ዘቅዝቀኸዋል። አንተ መንገድ ላይ ስትሆን እኔ ብቻዬን ከግድግዳው ጋር እየተፋጠጥኩ፣ ከመንደሬ ከኢዲዶ ስመጣ የማውቃቸውን ጥቂት ፊደሎች ከማላውቃቸው ጋር እያገናኘሁ፣ ቀስ በቀስ ገባኝ። የተዘቀዘቀውንም አንገቴን ሳልዘቀዝቅ አነበዋለሁ፤ ዛሬም እችላለሁ። የእንግሊዝን ፊደል ደግሞ የለቀምኩት ቡና ስለቅም ነው። መጋዘኑ ውስጥ ተደርድረን ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስንለይ፣ ፊት ለፊቴ የተከመረው ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየሁ።

ሥዕል ያለባቸውን መጽሔቶች ያመጣህልኝም አንተ ነህ። የኬንያ ሹፌሮች ለሸምሰዲን ይሰጡታል፣ ሸምሰዲን ላንተ፣ አንተ ደግሞ በሸሚዝህ ውስጥ ደብቀህ ለኔ። መጀመሪያ ያመጣኸው ላይ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው ከፎቅ በላይ ይበራል። «ካባ የሚለብስ ሙሽራ ነው ወይ የተሾመ ሰው ነው» አልክ። «ይሄን ማን ሾመው?» ስምም አወጣህለት፤ ባለካባው። ከዚያ ወዲያ በየጉዞው ባለካባው ነበር የሚመጣው። እሑድ ከሰዓት በሩን ከፍተን፣ ብርሃኑ ወገባችን ላይ እስኪደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን እናነባለን። ከሰዎቹ አፍ እንደ ደመና የሚወጣውን ነጭ ነገር በጣትህ እየነካህ «እዚህ ጋ ምን አለ?» ትለኛለህ። ፊደሉን ባውቀውም ቋንቋውን አላውቀውም፤ ስለዚህ የመሰለኝን እልሃለሁ። ባለካባው በኔ አፍ ያላለው የለም። የሚሰርቁትን ሰዎች ይመክራል፣ የሚሰምጡትን ያጽናናል፣ ሲናደድ በጌዴኦኛ ይራገማል። አንተም ታምነኛለህ። ወይም ያመንከኝ ትመስላለህ።

እናትህ የመጡት ያኔ ነው።

ከላስታ ድረስ በእግርም በመኪናም መጥተው፣ ነጠላቸው አቧራ ሆኖ፣ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ እግራቸውን ስሜ ተቀበልኳቸው። ስለ እማማ ጽጌማርያም መጥፎ ልጽፍ አይደለም። ግን አንተም ነበርክ፣ ሰምተሃል። ቆጮ ሳቀርብላቸው አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆጮ ነው እማማ። ከእንሰት ነው የሚሠራው።»

«የዛፍ ሥር ልበላ ነው እንዴ ከላስታ ድረስ የመጣሁት?»

አንተ ሣቅህ። እኔም ለመሣቅ ሞከርኩ። በማግሥቱ አንተ ስትወጣ ቤቱን ዙሪያውን ተመለከቱና «ቤትሽ ንጹሕ ነው ልጄ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ጨመሩበት። «መቼም ሕፃን የሌለበት ቤት ንጹሕ ነው።» ይህን ላንተ ነግሬህ አላውቅም። ምን ብዬ ልንገርህ? እውነታቸውን ነው።

ሦስታችን አብረን ከልባችን የሣቅንበት አንድ ቀን ብቻ ነው። መጽሔቱን አይተው ወደ ብርሃን አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

«ኧረ በእመቤቴ! ይሄ ሰውዬ ሙታንታውን ከሱሪው በላይ ነው እንዴ ያጠለቀው?»

አንተ መሬት ላይ ተንከባለልክ። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ ስንቀጠቀጥ አዩኝና እሳቸውም ተሸነፉ። «አትሣቁ! የሚነግረው ዘመድ የለውም? እንዲህ ሆኖ አገር ላገር ሲዞር ዝም ይሉታል?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በመጣ ሰው ሁሉ ሰላምታ ሲልኩ፣ ስላንተ ጤና ጠይቀው፣ ስለኔም በአንዲት ቃል ጠይቀው፣ መጨረሻ ላይ «ያ ከላይ ታጣቂውስ እንዴት ነው?» ይላሉ። እኛም «ደህና ነው፣ ዛሬም ይበራል» ብለን እንልካለን።

አሁን ወደ መጨረሻው ኅዳርህ ልምጣ።

ቡናው የደረሰበት ሰሞን ነበር። አንተ ጭነት ይዘህ አዲስ አበባ ወጥተሃል። ያገርህ ሰው ወንድይራድ በሩ ላይ ቆሞ አንተን ሳይጠይቅ ውሃ ጠየቀኝ። ጠጥቶ ሲጨርስ «ግዛቸው የለም አይደል?» አለኝ። የለም ስለው ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ የነገረኝን አንተ እስከ መጨረሻው አልሰማህም። እማማ ጽጌማርያም በጥቅምት አርፈዋል። ሁለት ቀን ብቻ ታመው፣ በደብራቸው ተቀብረዋል።

ግዛቸው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነው። ከንግዲህ ቤቴን የሚመለከትልኝ የለም፣ ከንግዲህ «ሌላ አግባ» ብሎ የሚልክብህ የለም አልኩ በልቤ። የእፎይታው ዕድሜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም፤ ወዲያው አለቀስኩ፣ ያለቀስኩትም የእውነት ነው። ያቺ ትንፋሽ ግን ከኔ አልወጣችም።

የእድራችንን ዳኛ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስን ጠራኋቸው። ያገርህ ሰዎችም መጡ። መቼ ይነገረው፣ ማን ይንገረው፣ የት እንሰብሰብ ተባለ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«ሹፌር ነው ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሐዘን የያዘው ሰው በጭነት መኪና ያንን የይርጋጨፌ ጠመዝማዛ አይወርድም። እናቱን ቀብረን እሱን ልንደግም ነው? የበልጉ ዝናብ ገብቶ መንገዱ ሲዘጋ እቤቱ ይቀመጣል። ያኔ ማለዳ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ተሰብስበን መጥተን እናረዳዋለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ። ፊትሽንም ጭምር።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት አልከበደኝም። ይህንንም እወቅልኝ።

በሳምንቱ ተመልሰህ መጣህ። ከመርካቶ ለእናትህ ነጭ የሱፍ ሻል ገዝተሃል። «ላስታ ብርድ ነው። ለፋሲካ እኔው ይዤላት እሄዳለሁ» አልክና እንዳጣጥፈው ሰጠኸኝ። አጣጠፍኩት። ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። አፌን ያዝኩ፣ ፊቴንም ያዝኩ። ራት አቀረብኩልህ፣ በላህ፣ ስለ መንገዱ አወራኸኝ፣ ተኛህ። እንዲህ እያልን ገናን አለፍን፣ ጥምቀትን አለፍን።

ያ እሑድ በየካቲት ነው። ከሞያሌ ተመልሰህ፣ ሸሚዝህ ውስጥ እጅህን ከትተህ «ዛሬ ወፍራም ነው!» እያልክ ገባህ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ሽፋኑን አየሁት። ባለካባው በጀርባው ተኝቷል። ዐይኑ ተጨፍኗል። አንዲት ሴት በላዩ ላይ ተደፍታለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አልከኝ።

«ደክሞት ተኝቷል።»

ገለጥን። የሚነድ ትልቅ ኮከብ ወደ ከተማቸው ይወርዳል፣ ሰዉ ይሮጣል፣ ባለካባው ብቻውን ወደ ላይ ወጥቶ ደረቱን ይሰጠዋል። ኮከቡ ይሰባበራል። እሱም ይወድቃል። «አሁን ደከመው» አልኩህ። ገለጥን። በሣጥን አስገብተው ተሸክመውታል። «ሐኪም ቤት እየወሰዱት ነው።» ገለጥን። ሁለቱን ገጽ የሞላ ሕዝብ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያለቅሳሉ፣ ካባው ሣጥኑ ላይ ተዘርግቷል።

እጄን ከገጹ ላይ አነሣኸው።

«ሙሉካ፣ ይሄ ለቅሶ ነው።»

ቀጣዩን ገጽ ልገልጥ ስል ያዝከው።

«ለቅሶ አላውቅም? ለምን ትዋሺኛለሽ? ሰውዬው ሞቶ ሐኪም ቤት ትይኛለሽ? እኔ ሕፃን ነኝ?» ድምፅህ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰው ሲሞት ይነገራል። ቢያምም ይነገራል። የኔ የሚሉት ሰው ሞቶ እኔ እየሣቅሁ ስዞር ብታዪኝ ዝም ልትዪኝ ነው?»

እዚህ ላይ ነበር ግዛቸው። በሩ ይህ ነበር፤ አንተው ራስህ ከፍተህ ይዘህልኝ ነበር።

«ሞቷል» አልኩህ። «ባለካባው ሞቷል።»

ባርኔጣህን አወለቅህ። ከተቀመጥክበት ዱካ ላይ ወርደህ መሬት ላይ ተቀመጥክ። የቀልድ መስሎኝ ፊትህን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም። መጽሔቱን ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ ለቀስተኛውን አንድ በአንድ በጣትህ ትፈልግ ጀመር።

«ከየአገሩ መጥቷል። ከኛ አገር የሄደ የለም እንዴ? ነውር ነው እኮ!» ከዚያ ከኋለኛው ረድፍ ላይ ነጭ የለበሰ አንድ ጥቁር ሰው አገኘህ። «ይኸው! ይሄ የኛ ነው። የኛ ነው አይደል?»

«የኛ ነው» አልኩህ።

«እማዬ ዘመድ የለውም ብላ ነበር። እኛ አለንለት። በይ፣ በናንተ ደንብ አልቅሺለት። ይሄ የሚያለቅስለት ሁሉ ኮፍያ ከማውለቅ በቀር ለቅሶ አያውቅም።»

ጎረቤቶቻችን በአጥሩ በኩል ያዩን ነበር። አሰፋች ከወዲያ ማዶ «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» ብላ ስትጮህ አንተ ሳትቀልድ «የሩቅ ዘመድ ነው» አልካት። እሷም «እግዜር ያጥናችሁ!» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ስትመጣ፣ የሞተው ማን እንደሆነ በጣትህ ብታሳያት፣ በዚያው ነጠላ ልትደበድበን ደረሰች። «እብዶች! ወጤን ጥጄ ነው የመጣሁት!» ብላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው እኔ በእናቶቼ ደንብ፣ በእናቶቼ ቋንቋ ማልቀስ የጀመርኩት። ሩቅ አገር የተቀበረ፣ ልጁ ያልቀበረው፣ እጁ ሳይሞላ የሄደ እያልኩ አወረድኩት። ቋንቋውን ሙሉ በሙሉ አትሰማም ነበርና ለማን እንደማለቅስ አላወቅህም። አንተም አለቀስክ። እንባህ የወረደበት ገጽ ዛሬም እንደ ተጨማደደ ነው።

ለቅሷችን ሲያልቅ ፊትህን በእጅጌህ ጠርገህ ሣቅህ። «እማዬ ይሄን ብትሰማ ትሥቅብኛለች። በሰው እንዳትልኪባት። ለፋሲካ ስሄድ ራሴ ነኝ የምነግራት።»

አፌን ከፈትኩ። አልከፈትሽም አትለኝም። በዚያች ቅጽበት ሸምሰዲን በመንገዱ ላይ ጡሩንባውን ነፋ፤ ጭነታችሁ ደርሷል። ተነሣህ። አፌንም ዘጋሁት። አንድ ጡሩንባ ነው ያቆመኝ ብል ግን ውሸት ነው። ጡሩንባውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ጉዞ የተመለስከው ወባ ይዞህ ነው። እኛ መንገዱን ስንፈራልህ፣ ጠመዝማዛውን ስንፈራልህ፣ አንተ የታመምከው በራስህ አልጋ ላይ ነው። ከመኪና ርቀህ፣ መሪ ሳትይዝ፣ ለመንገር ጊዜ በሞላበት ቤት። ይሁንና ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ሊጠይቁህ ሲመጡ፣ ካንተ ራስጌ ሆነው ወደ እኔ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን አይደለም ማለታቸው ነው። በሽታው ሲበረታብህ ግን ሌላ ማንንም አልጠራህም።

«እማዬ ትምጣ።»

«ልከንባቸዋል። መንገድ ላይ ናቸው።»

«በምን?»

«በአውቶቡስ።»

«መስኮት በኩል አስቀምጠዋታል? መኪና ያዞራታል።»

«መስኮት በኩል ናቸው» አልኩህ።

ከዚያ በኋላ መኪና ባለፈ ቁጥር ራስህን ከትራሱ ቀና ታደርግ ነበር። ሞተሩን በድምፁ እየለየህ «ይሄ ጭነት ነው... ይሄም ጭነት ነው» ትላለህ። አውቶቡስ የሆነ ጊዜ ዝም ብለህ ታዳምጣለህ፤ ቆሞ እስኪያልፍ ድረስ። ዝናቡ የጀመረው አንተ በተቀበርክ በሦስተኛው ቀን ነው። ነጩን ሻል ሴቶቹ ጥቁር ቀለም ነክረው አለበሱኝ። ለማን እንደ ተገዛ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያንን መጽሔት አላቃጠልኩትም። ከገበያ አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዛሁ፤ ሽፋን የለውም፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችም ተቀድደዋል። ማታ ማታ የባለካባውን ሞት ቃል በቃል ማንበብ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ በአፌ የሞላሁትን ደመና ሁሉ እውነቱን ላውቅለት ፈለግሁ መሰለኝ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ የቀረኝ ገና በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ የአሳታሚው አድራሻ መስሎኝ ነበር የዘለልኩት። ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣሁ። እንዲህ ይላል፤ ይህ ታሪክ በእውነት የሆነ አይደለም፣ ቢሆን ኖሮ ብለን ያሰብነው ነው።

መጽሔቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ያልሞተውን ሞተ አልኩህ። የሞቱትን በመንገድ ላይ ናቸው አልኩህ።

አላመንኩም። ሸምሰዲን ባለፈ ጊዜ ሲመጣ ጠየቅሁት።

«እሱ? ኧረ አልሞተም!» አለኝ እየሣቀ። «ናይሮቢ በየወሩ ይወጣል። ልጆቼ ይጣሉበታል።»

«ቀብሩን አይቻለሁ እኮ። ግዛቸው አልቅሶለታል።»

«ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው ይገድሉታል፣ ሰው ደንግጦ ሲገዛ ያስነሡታል። ሥራቸው ነው።» ከዚያ ሣቁ ጠፋ። «ግዛቸው አልቅሶለት ነበር?»

ትናንት ያመጣልኝ አዲሱን መጽሔት ነው። ባለካባው በሽፋኑ ላይ አለ። አልሸበተም። እኔ ሸብቻለሁ፣ ሸምሰዲን ሸብቷል፣ እሱ አንድም ፀጉር አልነጣበትም።

ዛሬ ማለዳ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስን ከቤታቸው ቀሰቀስኳቸው። አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። «ለግዛቸው ያልተነገረው መርዶ አለ፤ ደንቡ አልተፈጸመም» ስላቸው አበድሽ አላሉኝም። ከዘራቸውን ፈልገው ወጡ። አንተ በተቀበርክበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገና ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ድምፃቸውን ጠርገው፣ በር ላይ ቆመው እንደሚጠሩት አድርገው «ግዛቸው! ግዛቸው ልጄ!» አሉ። ከዚያ አላስከተሉም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን እንበለው ልጄ? ካገኛት ስንት ዓመቱ! እኛ የደበቅነውን እሷው ነግራዋለች።»

እጄን ይዘውኝ ተመለስን። በመንገድ ላይ እሳቸው ነበሩ የሚያለቅሱት።

እውነታቸውን ነው ግዛቸው። እማማ ጽጌማርያም በራሳቸው አፍ ነግረውሃል። የነገሩህ ቀን እኔን ምን እንዳልከኝ አላውቅም፤ ስንገናኝ ትነግረኛለህ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። ያቺንም ትንፋሽ ለሁለታችሁም እነግራችኋለሁ፤ ይህን ቃል ሰጥቻችኋለሁ። ለኔ የቀረኝ እንግዲህ እሳቸውም አንተም የማታውቁት አንድ ወሬ ብቻ ነው። አንተ ሞተ ብለህ ነግረሃቸው ይሆናል፣ እሳቸውም እንደ ፈራኸው ሣቁብህ ይሆናል፣ ወይም እንዳንተ አዝነውለት ይሆናል።

ንገራቸው። ያ ከላይ ታጣቂው ደህና ነው፤ ዛሬም ይበራል። እስካሁን የነገረውም ዘመድ የለም።

ሚስትህ
ሙሉካ